ከምሳ በኋላ የተሰመረ ወሰን

አቶ ሐብተማርያም የሞቱት መነጽራቸውን አውልቀው ነው። ኢንስፔክተር ትርፌ ኤርካሎ ክፍሉ ውስጥ እንደገባች ዓይኗ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር። ሽማግሌው ከሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ከግራ ቅንድባቸው በላይ ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ረግቶ ጠቁሯል። መነጽሩ ግን በወጉ ታጥፎ፣ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ፣ የሹራባቸው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

«ሲሠሩ መነጽር ያወልቃሉ?» ብላ ብርቄን በወላይትኛ ጠየቀቻት። ብርቄ የሽማግሌው ተመላላሽ ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮዋ በሩን ገፍታ ገብታ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች።

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ያለ መነጽር የገዛ ጣታቸውንም አያዩ። የሚያወልቁት እንግዳ ሲያጫውቱ ብቻ ነው። የሰው ፊት በመነጽር ማየት አልወድም ይሉ ነበር።»

በሩ አልተሰበረም። ሬዲዮውም፣ የግድግዳው ሰዓትም በቦታቸው ናቸው። ገዳዩ ተጋብዞ የገባ ሰው ነው። ሐኪሙ እንዳለው ሽማግሌው የሞቱት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሟቹ በሶዶ የታወቁ ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ሹም ናቸው። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ በካርታ ነዳፊነት ጨርሰው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ ልጅ ሳይኖራቸው ለጡረታ ወደ አባታቸው ግቢ ተመለሱ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት የናስ ብረቶች ተቀምጠዋል። ሌላ ነገር የለበትም።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ካርታ ሲዘረጉ ጥግ ጥጉን የሚጭኑበት ነው። አራት ናቸው» አለች ብርቄ።

አራተኛውን ሳጅን ብሩ ከአልጋው ሥር አወጣው። ደምና ሁለት ሽበት ተጣብቆበታል።

ትርፌ ሜትር አስመጣችና በሦስቱ ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት ለካች። ተዘርግቶ የነበረው ሉህ ትልቅ ነው፤ ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። የሽማግሌውን ሳጥን ከፍታ ካርታዎቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጋች። በዚያ ልክ የተሠራ አንድም የለም። የጠፋው ካርታ ከውጭ የመጣ ነው ማለት ነው።

«በወረቀት ሰው ይገደላል እንዴ?» አለ ሳጅን ብሩ።

ሚያዝያ ዘጠና ሦስት ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ካበቃ ገና ዓመት አልሞላውም።

* * *

እኩለ ቀን ሳይሞላ አንድ ላንድክሩዘር ጣቢያው ግቢ ገብቶ ቆመ። የወረደው ሰው ደገፉ እባላለሁ አለ። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። የመሥሪያ ቤቱን ስም የተናገረው ለኮማንደሩ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኮማንደሩ ከወንበራቸው ተነስተው እሱን አስቀመጡት።

«ካርታው የት ነው?» አለ ደገፉ።

«ማን እንደገደላቸው አይጠይቁም?» አለች ትርፌ።

«ካርታውን ስታገኚ እሱንም ታገኚዋለሽ።»

ነገሩን የተናገረው እየቆጠበ ነው። በሰላም ስምምነቱ መሠረት ወሰኑን የሚቆርጡት ውጭ አገር የተሰየሙ ዳኞች ናቸው። ሁለቱም አገሮች ካርታ እየሰበሰቡ ነው። አቶ ሐብተማርያም በስልሳ ሁለት ዓ.ም. የወሰኑን አካባቢ ሉህ የነደፉ ሰው ናቸው። መስመሩ መሬት ላይ ተለክቶ የተሠራ ነው ብለው ቃለ መሐላ እንዲፈርሙ ተፈልገው ነበር። ደገፉ ሐሙስ አመሻሽ ላይ አንድ የቆየ የጣሊያን ካርታ ይዞላቸው ሄደ፤ ከራሳቸው ሥራ ጋር እንዲያስተያዩት። ዓርብ ረፋድ ላይ ፈረሙለት። ካርታውን ግን እስከ ቅዳሜ ላቆየው ብለው ለመኑት።

«ዓርብ ከሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?»

ደገፉ ኮማንደሩን አየ። ኮማንደሩ ጣሪያውን አዩ።

«ቴሌ። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ የአዲስ አበባ መስመር ስጠብቅ። ከፈለግሽ ጠይቂ።»

ጠየቀች። እውነቱን ነው፤ የስልክ ሠራተኛዋ ጩኸቱን ገና አልረሳችውም።

ደገፉ ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ቆመ። «እዚህ ከተማ ሚስቱ ከወሰኑ ወዲያ የተላከችበት አንድ መካኒክ አለ አሉ። ከሽማግሌው ቤት የማይጠፋ። ለምን እሱን ትተሽ እኔን ትጠይቂያለሽ?»

* * *

መካኒኩ ጉልላት ነው። ትርፌ ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ ከመኪና ሥር ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ አልጨበጣትም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ተነጋግረው አያውቁም። ከላይ የመጣው የሚባረሩ ሰዎች ዝርዝር ሲነበብ የሚስቱ የለተብርሃን ስም አምስተኛ ላይ ነበር። አውቶቡሱ ጋ ያደረሰቻት ትርፌ ናት። ለተብርሃን ሻንጣዋን እስክትጭን ድረስ አብራት የምትሄደውን የሁለት ዓመት ልጇን ሶልያናን አቅፋ የያዘቻትም እሷው ነበረች። ልጅቷ የዩኒፎርሟን ቁልፍ ይዛ አልለቅም ብላ ነበር።

«ሽማግሌው ቤት ምን ነበር የሚያመላልስህ?»

ጉልላት ወደ ውስጥ ገብቶ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር የታጠፈ ስስ ወረቀት አወጣ። በእርሳስ የተነደፈ መንገድ ነው፤ ወንዝ አለበት፣ ቤተ ክርስቲያን አለበት፣ አንዲት ትንሽ ክብ አለችበት።

«ለተ በቀይ መስቀል በኩል የላከችውን ደብዳቤ ወሰድኩላቸው። የመንደሯን ስም አነበቡና ይህን ሠሩልኝ። መንገድ የተከፈተ ቀን ሰው ሳትጠይቅ ትደርሳለህ አሉኝ።»

«ወድደሃቸው ነበር ማለት ነው።»

«አልወደድኳቸውም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኔ ዘጠና ላይ ተማሪውን ሰብስበው በካርታ ያስጨበጨቡት ማን ሆነና? ይኸውና መስመሩ፣ እኔው የሳልኩት ብለው በዱላቸው እየጠቆሙ። ስንቱ ከዚያ አዳራሽ ወጥቶ ለውትድርና ተመዘገበ! የመምህር ጩማ ልጅ አሮን ከፊት ወንበር ነበር። ባለፈው ዓመት መርዶው መጣ።»

«ዓርብ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ተበላ ከተማ። የጭነት መኪና ጊርቦክስ ተበላሽቶ። አዳሬም እዚያው ነበር።»

ትርፌ በማግስቱ ተበላ ወረደች። ሾፌሩም፣ ጉልላት ያደረበት ቤት ባለቤትም ቃሉን አጸኑለት። ስትመለስ ግን ጉልላት ታስሮ አገኘችው። ስሱ ወረቀት ደገፉ እጅ ነው።

«ይህ የጠላት ግዛት ንድፍ ነው» አለ ደገፉ።

«የሚስቱ ቤት መንገድ ነው።»

«እሱን እኛ እናጣራለን።»

* * *

ትርፌ ካርታ ማንበብ የተማረችው ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው፤ ያስተማሯትም መምህር ጩማ ናቸው። የሟቹ የግቢ ጎረቤትና የዘወትር ወዳጅ ነበሩ፤ የቀብሩን ሥርዓት የመሩትም እሳቸው ናቸው። ሰኞ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል አገኘቻቸው። ከስተዋል። የኮታቸው ትከሻ ወርዶ ክንዳቸው ላይ ደርሷል።

«የጠፋው ካርታ ምን ዓይነት እንደሆነ እንዲያስረዱኝ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ። የቆየ የጣሊያን ነው ይላሉ።»

«ቁጭ በይ።» እንደ ድሮው ጠመኔ አነሱ። «ካርታ እንዴት እንደሚመሰክር ታውቂያለሽ? ዳኛ ፊት ሃያ ካርታ ይቀርባል እንበል፣ ሃያውም አንድ ዓይነት መስመር አላቸው። ዳኛው ሃያ ምስክር አገኘሁ ይላል። ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተቀዳ ነው፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው። የመጀመሪያውን የሳለው ሰው ደግሞ አገሩን ላያየው ይችላል። ሃያ ምስክር ሳይሆን አንድ የተሳሳተ ሰው ሃያ ጊዜ ሲናገር ነው።»

«ታዲያ ሐሰት መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«ሐሰት አይደለም። አለማወቅ ነው። ደጉ ሠራተኛ አለማወቁን ይጽፋል። ከታች በግራ ጥግ በቀይ ቀለም፣ በእጁ፣ ‹ይህ ወሰን በመሬት ላይ አልተለካም› ብሎ ያሰፍራል። ግን ጥጉን ማን ያነባል? ሰው የሚያየው መሃሉን ነው።»

ትርፌ እንደ ተማሪ እየሰማች ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«ጋሽ ሐብተማርያምን መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«እሑድ፤ ያለፈው ሳምንት እሑድ። ዓርብ ዱቦ ነበርኩ፤ ባለቤቴን ሊድያን ልጠይቅ ሄጄ። በመጨረሻው ሚኒባስ ነው የተመለስኩት።»

ደወል ተደወለ። መምህር ጩማ የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው አራገፉና ወደ ክፍል ገቡ።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ደገፉ ጉልላትን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ልሂድ አለ።

«ዓርብ ሶዶ ውስጥ አልነበረም። ሁለት ምስክር አለው» አለች ትርፌ።

«ሌላ ሰው ልኮ ቢሆንስ?»

«ስለ ካርታው ማን ነገረው ብለው ነው? ስንት ሰው ያውቀዋል?»

ደገፉ ትንሽ አመነታ። «ከእኛ ሦስት ሰው። ከሶዶ ሟቹ ብቻ። ባለፈው ሳምንት ነው ከውጭ የመጣው፤ እንደሱ ያለ ሌላ አላየንም። የነደፈው ጣሊያናዊ በገዛ እጁ ጥጉ ላይ በቀይ ቀለም ጽፎበታል። ቅጂዎቹ ላይ ያ ጽሑፍ የለም።»

«የትኛው ጥግ?»

«ከታች፣ በግራ። ለምን ጠየቅሽ?»

ትርፌ ማስታወሻዋን አልገለጠችም። መምህር ጩማ ከታች በግራ ሲሉ የጻፈችውን በቃሏ ይዛዋለች።

«ጉልላትን እስከ ነገ አያንቀሳቅሱት» ብላ ወጣች።

* * *

ወይዘሮ ሊድያ የመምህር ጩማ ባለቤት ናቸው። የልጃቸውን መርዶ ከሰሙ ወዲህ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ዱቦ እህታቸው ቤት ተቀምጠው ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ትርፌ ከሚኒባስ ወርዳ በእንሰቶቹ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ሄዳ ስትደርስ፣ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጎደሬ ሲልጡ አገኘቻቸው።

«ጩማ አመመው?» አሉ ገና ሳትቀመጥ።

«ደህና ናቸው። ዓርብ መጥተው ነበር አይደል?»

«ጠዋት መጣ። ምሳ አብሮኝ በላ። ዝናቡ ሳይዘንብ ልድረስ ብሎ ወዲያው ተነሳ። ጋሽ ሐብተማርያም በጣም እፈልግሃለሁ ብለው ልከውበት ነበር። ምነው? ሳይነግርሽ ቀረ?»

ትርፌ ማስታወሻ አላወጣችም። ወይዘሮ ሊድያ የተላጠ ጎደሬ እጃቸው ላይ ይዘው ፊቷን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሴትዮዋ ጎደሬውን ቀስ አድርገው ውሃው ውስጥ ጣሉት።

* * *

የትምህርት ቤቱ የካርታ ክፍል ጠባብ ናት። ግድግዳውን ተደግፈው በእንጨት ላይ የተጠቀለሉ ካርታዎች ቆመዋል፤ ዓለም፣ አፍሪካ፣ የአገሪቱ ወንዞች፣ ዘንድሮ የመጣው የአዲሱ ዞን ካርታ። ካርታ ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ትርፌ አንድ በአንድ ፈታቻቸው። አፍሪካ ሲዘረጋ ከውስጡ ሌላ ወረቀት ተንሸራትቶ ወጣ። ጥጉ ላይ ቀይ ጽሑፍ አለበት። ጠርዙ ላይ የደም ጠብታ አለበት።

ቀና ስትል መምህር ጩማ በር ላይ ቆመዋል።

«ጥሩ ተማሪ ነበርሽ» አሉ።

«ለምን ይህን ተናገሩ፣ ጋሼ? ያንን ቀይ ጽሑፍ ባይነግሩኝ ኖሮ…»

«እኔም ገርሞኛል። አንድ ሰው እንዲያነበው ፈልጌ ይሆናል።» የተሰበረ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሐብተማርያም መነጽሩን አወለቀና ይቅር በለኝ አለኝ። ያንን መስመር በስልሳ ሁለት ቢሮ ቁጭ ብሎ ነው የሳለው። ያኔ አንድ አገር ነበርን፤ የሁለት ጠቅላይ ግዛት ወሰን ማንን ይጨንቃል? ምሳ በልቶ መጥቶ ከሌላ ካርታ ገለበጠው። መንደሩ ከወዴት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ መስመሩን በግምት አጎበጠው። ባድመን በዓይኑ አይቷት አያውቅም።»

«ይህንን እርስዎ ድሮ አያውቁም ነበር?»

«ከየት አውቄ! እኔ እኮ ነኝ ትምህርት ቤት የጋበዝኩት። ና ለልጆቹ አሳያቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ሲያጨበጭቡ አብሬ አጨበጨብኩ።» እጃቸውን አዩት። «ካርታውን ዘርግቶ አሳየኝ። የእሱ መስመር ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። አንድ ለሚሊዮን በሆነ ስኬል መሬት ላይ ስንት ይሆናል?»

ትርፌ ካርታው ላይ ጎንበስ አለች።

«አምስት መቶ ሜትር። ጓደኛው መጥቶ አሮን የወደቀበትን ምሽግ ነግሮኛል፤ ከመንደሩ ያለውን ርቀት፣ አቅጣጫውን። በማስመሪያ ለካሁት። ልጄ የሞተው ከመስመሩ ወዲህም አይደለም፣ ወዲያም አይደለም። ቀለሙ ውስጥ ነው የሞተው፣ ትርፌ። የብዕሩ ውፍረት ውስጥ።»

ውጭ ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ። መምህር ጩማ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁ።

«እንግዲያው ይህንን ለዳኞቹ ተናገር አልኩት። አላውቅም ነበር በል። ዛሬ ጠዋት ፈርሜያለሁ አለኝ። ተለክቶ ነው ብዬ ምያለሁ አለኝ። ለምን? ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ለአሮን ስል ነው፤ ቢያንስ በከንቱ እንዳይሞት› አለ። የልጄን ስም ጠራ። ብረቱን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።»

«ካርታውን ለምን አላቃጠሉትም?»

«እውነቱ ያለበት እሱ ብቻ ነዋ።» ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ ዘረጉላት። ትርፌ ሰንሰለት አላወጣችም፤ ክንዳቸውን ይዛ በጓሮ በር አወጣቻቸው። «ቃሌን ስትቀበይ የአሮንን ስም ጻፊው። የት እንደሞተም ጻፊ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

* * *

ጻፈች። ሦስት ገጽ ሞላ። ደገፉ ኮማንደሩ ቢሮ ተቀምጦ አነበበውና ሦስቱንም ገጽ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ካርታው ቀድሞ መኪናው ውስጥ ገብቷል።

«ሌላ ጻፊ» አለ። «ካርታ የሚል ቃል እንዳይገባበት። ሟቹ የመሐላ ቃል ሰጥቶ የሞተ የታመነ ምስክር ነው። ገዳዩ ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላው በምንድን ነው? በአጥር። የአጥር ወሰን ጠብ በይው።»

«መምህሩ ቃላቸውን ሰጥተዋል፣ ፈርመዋል።»

«ዳግም ይፈርማል። አለዚያ መካኒኩ እኔ ጋ ይሄዳል። ንድፉ እጄ ላይ ነው፤ ክሱ ቀላል አይሆንም።»

ኮማንደሩ ለትርፌ እስክሪብቶ አቀበሏት። እሷም ሌላ ወረቀት ሳበች። የለተብርሃን ስም ከነበረበት ዝርዝር ግርጌ ያረፈው ፊርማዋ ትዝ አላት። የዚያን ቀን ከመፈረሟ በፊት ሁለት ጊዜ አንብባው ነበር፤ ዛሬ ሳትቆም ጻፈች። የከፋት ደግሞ ይኸው ነው። አዲሱ ቃል ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። መምህር ጩማ የጉልላትን ነገር ስትነግራቸው ሳያነቡ ፈረሙ።

ጉልላት በዚያው ቀን ተፈታ። ስሱን ወረቀት ጠየቃት።

«ከመኪናው ጋር ሄደ» አለችው።

«ግድ የለም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ» አለና ዞር ብሎ ሳያያት ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወይዘሮ ሊድያ በሰው ተደግፈው ጣቢያ መጡ። ትርፌ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። አልተቀመጡም። የክሱን ቃል የእህታቸው ልጅ አንብቦላቸዋል።

«አጥር ይላል» አሉ በወላይትኛ። «በእኛና በጋሽ ሐብተማርያም ግቢ መካከል አጥር የለም እኮ። ኖሮም አያውቅም። ዶሮዎቻችን ሳይቀሩ አብረው ነው የሚውሉት። አጥር አለ ያለው ማነው? ሄዶ ያየ ሰው አለ?»

ትርፌ ግቢውን አይታዋለች። በዚያች ቅዳሜ ጠዋት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በሣሩ ላይ ተራምዳ አልፋለች፤ እግሯን ያደናቀፈው ነገር አልነበረም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

ወይዘሮ ሊድያ አልጮሁም። የያዛቸውን ሰው ክንድ ለቀው በገዛ እግራቸው አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረቡ።

«እንግዲያው አጥፊው» አሏት።

ወረቀቱ ግን ወደ ፍርድ ቤት ከሄደ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር።